እናቴን የጠየቁ ጠበቃ

ዛሬ እዚህ ስዊድን፣ ሮግስቬድ ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት ስገባ የእርጥብ ካፖርት ሽታ ወደ አሥራ ሁለት ዓመቴ መለሰኝ። ያኔ የተከራየነውን ቤት እንድንለቅ ከአከራዩ ደብዳቤ ደርሶን፣ እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ወደሚያማክሩ አንዲት አዛውንት ስዊድናዊት ጠበቃ ከእናቴ ጋር ሄድን። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ጠበቃዋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «እናትሽ ምን እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ?» አሉኝ።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም በያቸው» አለችኝ።

ከዚያ ቀና ብላ ቤታችንን መልቀቅ እንደማትፈልግ ተናገረች። በልጅነቷ እሷንና ቤተሰቧን ከቤታቸው ሲያስወጧቸው አባቷ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሱ ያን ቀን ሰማሁ። መተርጎሙን ረስቼ አፌን ከፍቼ አየኋት፤ ጠበቃዋም በትዕግሥት ጠበቁኝ።

ጠበቃዋ ተከራክረውልን ቤቱን አልለቀቅንም። የአባቷን ነገር ግን ዳግም አላነሳችውም፤ እኔም እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።