የቄስ ዘርአ ዳዊት አርባ ሦስት ቤቶች

ቄስ ዘርአ ዳዊትን ለዚህ ሥራ ያስነሣቸው ችግር፣ አንዲት ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ ወተት ሳትቀምስ መኖሯ ነው። ሴትዮዋ ወለተሐና ትባላለች። ከጎረቤላ ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ ሁለት የሚታለቡ ላሞች ነበሯት። የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ጻድቅ «እስክፈታሽ ድረስ ወተትና ቅቤ እንዳትቀምሺ» ብለው ቀኖና ሰጧት፤ በሦስተኛው ሳምንት ንዳድ ገደላቸው። የሚፈታት ጠፋ።

ቄስ ዘርአ ዳዊት ነገሩን የሰሙት በ1945 ዓ.ም. ነው። ደነገጡ።

«ታዲያ ሌላ ካህን ዘንድ ለምን አልሄድሽም?»

«አባቴ፣ ያንን ጉድ አንድ ሰው ካወቀው አይበቃም?»

እዚያው ፈቷት። ቤታቸው ገብተው ግን የራሳቸውን የንስሐ ልጆች አንድ በአንድ አሰቡ። ካሏቸው አርባ ሦስት ቤቶች ውስጥ «እስክፈታህ» ብለው ያሰሯቸው አሥራ ሰባት ሰዎች ናቸው። እሳቸው ነገ ቢሞቱ አሥራ ሰባት ወለተሐናዎች ይቀራሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ነገሩን ማየት ደስ ይላል። የደብር አለቃ ሲሞት ቁልፉን ተተኪው ይረከባል፤ ዕቃውም በመዝገብ ይታወቃል። የንስሐ አባት ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ነው የሚቀበረው። ልጻፈው ቢል ምሥጢር ማውጣት ይሆንበታል። ላውርስ ቢልም አይሆንለትም፤ የንስሐ አባቱን የሚመርጠው የንስሐ ልጁ ራሱ ነውና። ታዲያ ምሥጢሩ ሳይወጣ አባትነቱ እንዴት ይሻገራል?

መጀመሪያ ቀላሉን ሠሩ። ለእያንዳንዱ ቀኖና ማለቂያ ቆረጡለት፤ ለአንዱ እስከ ፍልሰታ፣ ለሌላው እስከ ኅዳር ሚካኤል። ለአሥራ ሰባቱም ቀን ቆርጠው በሁለት ወር ጨረሱ።

ቀጥሎ ተሳሳቱ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ እኔ ሟች ነኝ። ከወዲሁ ከቄስ ወልደ ሰንበት ጋር ተለማመዱ» አሉ። ወልደ ሰንበት በዚያው ደብር አዲስ የተካነ ወጣት ቄስ ነው። እሳቸው የተናገሩት ለምክር ነበር። በዚያ አገር ግን ካህን «ሟች ነኝ» ካለ ቀኑ ተገልጦለት ነው ተብሎ ይታመናል። በማግሥቱ ጠዋት ዳቦና ጠላ የተሸከመ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ግቢውን ሞላው። ሟቹ ግን ማሳቸው ላይ ገብስ ሊዘሩ እያረሱ ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከደጅ ሆነው ተጣሩ፤ «ኧረ ይምጡና ለቅሶ ይድረሱ! አንቱ ሳይሞቱ ተዝካርዎን በላንልዎ እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ሞትን በአፋቸው አላነሡም። በምትኩ ነገሩን በእግራቸው ሠሩት። ወልደ ሰንበትን ይዘው ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። በመጀመሪያው ጉብኝት ወጣቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በሁለተኛው ጠበሉን የሚረጨው እሱ ነው። በሦስተኛው እሱ ቀድሞ ይደርስና ቄስ ዘርአ ዳዊት መንገድ ላይ ይዘገያሉ። ይህ ሁሉ በችኮላ የሚሆን አይደለም፤ አንዳንዱ ቤት ሦስት ዓመት ፈጀ። እስከ 1957 ዓ.ም. ግን አርባ ሁለቱ ቤቶች ለወልደ ሰንበትም ልባቸውን መክፈት ለመዱ።

አንድ ቤት ቀረ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ አልታየች ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት ነው።

«ይኼን ልጅ የማውቀው አተሬን ሲሰርቅ ነው» አሉ ወልደ ሰንበትን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «ለሱ ልናዘዝ? ኃጢአቱን የማውቀው እኔ!»

«እንግዲያው እማማ፣ እኔ ልናዘዝልዎ» አለ ወልደ ሰንበት። «የእሸቱን ብቻ ነው ያዩት፤ የክምሩን አልሰሙም።»

«ክምሩንም? አንተ ሌባ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ እንጂ እሺ አላሉም።

ይህች አንዲት ቤት ቄስ ዘርአ ዳዊትን እንቅልፍ ነሣቻቸው። ዳገቱ ትንፋሻቸውን ማሳጠር ጀምሯል፤ እሳቸው በሞት ቢቀድሙ አልታየች ያለ አባት ይሞታሉ። ስለዚህ በዘንድሮው ጾም መግቢያ አዲስ ነገር አደረጉ። በአልታየች ቤት ውስጥ፣ ሴትዮዋ እያዩ፣ ከወልደ ሰንበት ፊት ተንበርክከው «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አሉ። ካህንም የንስሐ አባት አለውና፣ ከእሳቸው በሠላሳ ዓመት የሚያንሰውን ሰው ለራሳቸው አባት አድርገው መረጡ።

 ሁለቱ ካህናት ሲወጡ አልታየች ለወልደ ሰንበት «ቅዳሜ ትመጣለህ?» አሉት። «አንተ» ማለታቸውን አልተዉም፤ ቢሆንም ጠየቁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወልደ ሰንበት መስቀሉን ይዞ ብቻውን ቁልቁል ወርዷል። ቄስ ዘርአ ዳዊት ጤነኛ ናቸው፤ መሄድም ይችላሉ። ሆኖም የሌሉ ያህል ሆነው፣ ከግቢያቸው ሳይወጡ ለመዋል እየሞከሩ ነው።