የካውያ ቀሚስ፣ የሳቂታ ፊት

ይህን መጀመሪያ የነገረኝ የአክስቴ ባል ነው፤ የሥዕል ፍሬም ሠሪው። ውሸታም እንዳይመስላችሁ፣ እሱ የሚዋሸው ስለ እንጨት ብቻ ነበር። እኔም ብሆን ፊደል ባልቆጥርም፣ ሥዕል ደርቋል አልደረቀም አሽትቼ የምለይ ሰው ነኝ። የተማሩት መጥተው ጠይቀውኛል!

ልጅቷ ልብስ ተኳሽ ናት። ክንዷ በቃጠሎ ተዥጎርጉሮ ነበርና ጓደኞቿ «ካውያ» ይሏታል። እሁድ እሁድ አምስት ሆነው ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ይጫወታሉ፣ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ቀዘፋ ካነሳን አይቀር፣ እኔ በጉልምስናዬ ያንን ወንዝ በአንድ እጄ ቀዝፌ ተሻግሬዋለሁ፤ ያዩኝ ሁሉ ሞተው ነው እንጂ ይመሰክሩ ነበር።

ከአምስቱ አንዱ ሰዓሊ ነው። እነሱ ሲስቁ እሱ ይስላቸዋል። ግን ዓመል አለው፤ ፀሐይ በቅጠሉ መሀል ሾልካ የምትወርድባትን አንዲት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። ልብሱን ቀድሞ ይጨርስና ፊትን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ካውያ ይህን መች አወቀች! እናቷ የሰፉላት ሰማያዊ ቀሚስ እስከ እጥፋቱ አልቆ ስታይ፣ እሷም ያለቀች መሰላት።

እናትየዋ አልጋ ላይ ናቸው። «እማዬ፣ ሥዕሉ መሀል ላይ ነኝ እኮ! አሳይሻለሁ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላቸውም፤ እሱን ሳላይማ አልሞትም አሉ።

ሕመሙ ባሰባቸውና ልጅቷ እሳቸውን ስታስታምም ሁለት እሁድ ቀረች።

«ካውያ ዛሬም የለችም። ፊቷን ምን ላድርገው?» አለ ሰዓሊው።

ሳቂታ የሚሏት ጓደኛዋ፣ «የኔን ለጥፍበታ! ለሷ ፊት ምን ቀለም ታባክናለህ፣ ጥላሸት ይበቃታል» ብላ ተንከተከተች። ሁሉም ሳቁ። እሱም የማላየውን አልስልም አለና የሳቂታን ፊት ሳለበት።

ሥዕሉ ለፍሬም የአክስቴ ባል ሱቅ ገባ። ካውያ እናቷን አዝላ መጣች። አዝላ ነው የምላችሁ! ሰዓሊውና ሳቂታም እዚያው ቆመዋል።

አሮጊቷ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠጉ። «ስፌቱ የኔ ነው። ፊቱ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ እማማ! አያምርብኝም?» አለች ሳቂታ።

እናትየዋ የጋብቻ ቀለበታቸውን በምራቃቸው አርሰው ከጣታቸው አወለቁና ለሰዓሊው ዘረጉለት። «ልጄን ክተትልኝ፣ የኔ ጌታ።»

ተቀበለ። ኪሱ ከተተና ካውያን «በይ ዙሪ» አላት። ዞረች። ሥዕሉ ላይ ከጀልባዋ ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ሴት ጣል አደረገ፤ ጀርባዋን የሰጠች።

«ፊቷስ?» አሉ እናት።

«ለፊት የወንዙ ፀሐይ ያስፈልጋል፤ ለጀርባ የሱቅ ብርሃን ይበቃል።»

አሮጊቷ እዚያች ጀርባ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። የአክስቴ ባል ወርቅ ያውቃል፤ ቀለበቱ ሦስት ግራም ሙሉ ነበር ይላል። ለጀርባዋ ተከፈለ።