በካርቶን ላይ የጻፍኩት

ሰቆጣ ገበያ ዳር አንዲት ቀሚስ ነጋዴ ሴትዮ ዘንድ ተቀጥሬ ስሠራ የሸጥኩት ቀሚስ ትዝ አይለኝም፤ የጻፍኩት ካርቶን ግን ትዝ ይለኛል። ሴትዮዋ ሦስት ገመድ ወጥራ፣ ለየገመዱ የሚንጠለጠል ካርቶን ቆርጣ፣ «ጽሑፍሽ ያምራል፣ ነይ ጻፊልኝ» አለችኝ። ባንዱ «ለልጃገረድ»፣ ባንዱ «ለእናት»፣ ባንዱ «ለሁሉም» ብዬ ጻፍኩ። ሰፋ ሰፋ ያለው ሁሉ «ለእናት» ላይ ተሰቀለ። «ወፍራም ልጃገረድስ?» ብላት፣ «የታለችና?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀጭን ነበርኩ፣ ምን ቸገረኝ።

ከጋዝጊብላ በእግራቸው ለሚመጡት፣ ማንበብ ለማይችሉት፣ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ልብስ ማውረጃውን ዘንግ ይዤ «ያንቺ እዚያ ነው» እያልኩ እጠቁማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገር የተመለሰችው ያን ሰሞን ነው። እኔን ለማስተማር ብላ ሄዳ፣ ስንት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ፣ እግሯ አብጦ ወገቧ ሰፍቶ መጣች። እሁድ አንድ ሰው ሽማግሌ ይዞ ሊያያት ይመጣል ተብሎ ቤታችን ሽር ጉድ ላይ ነበር። ይሄ ካልሆነላት ተመልሳ እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

በገበያው ቀን ለእሁድ የምትለብሰውን ልትገዛ ሱቅ መጣችና ከ«ለልጃገረድ» ገመድ ቀዩን ቀሚስ ሳብ አደረገች። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ሴትዮዋ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

«እታለም፣ እሱ አይሆንሽም፤ ያንቺ እዚያ ነው» ብዬ በዘንጉ ወደ «ለእናት» አሳየኋት። ገበያተኛው ሳቀ።

«ለእናት? ልጄ የታለ?» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ካርቶኑን ልብ ብላ አየችው። «ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው።»

«የሴትዮዋ ነው» አልኩ።

«አውቀዋለሁ። ደብተርሽን ፎቶ እያነሳሽ ትልኪልኝ አልነበር? የምሠራላትን ማዳም ሳይቀር አሳይቻታለሁ።»

ምንም ሳትገዛ ወጣች።

እሁድ እንግዶቹ ገብተው ሲቀመጡ፣ የዐረብ አገር የሥራ ልብሷን፣ ሰማያዊውን ከነሽርጡ ለብሳ ብቅ አለች። እናቴ «ምን ነካሽ አንቺ?» ብላ ብታንሾካሹክላት፣ «ልኬ ይሄ ነው» አለቻት። እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሰውየው ዳግመኛ አልመጣም። በወሩ እሷም ሻንጣዋን አሰረች። ስሟ ተጽፎ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ካርቶን ቆርጣ ከነእስክሪብቶው ሰጠችኝና፣ «ጽሑፍሽ ያምራል፣ ጻፊልኝ» አለችኝ።