ሰላም ያላልኳቸው እናት

ይህ የሆነው ከአምስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ ዶዮገና ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጤና ጣቢያ ገብቼ ወጥቻለሁ። ያን ጠዋት ግን ዛሬም እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ባሰብኩት ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፤ ቆይቶ ደግሞ ይናፍቀኛል።

ቀድሞ ሀቢቾ ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ልብ ደምን እንዴት እንደሚረጭ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስዬአለሁ። ተማሪዎቼን እወዳቸው ነበር። ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ ግን ባለቤቴ ሆሳዕና፣ እኔ ሀቢቾ ሆነን መኖሩ ከበደን። በዚያው ሰሞን አንድ የሕክምና መሣሪያ አስመጪ ድርጅት ባዮሎጂ የተማሩ ሰዎችን አሠልጥኖ በእኛ አካባቢ የሽያጭ ሠራተኛ ሊያደርግ መሆኑን ሰማሁ። ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ አራት ወር ሠለጠንኩ።

ሥልጠናው ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። መሣሪያ መግጠምም፣ ከሐኪም ጋር መነጋገርም ተማርኩ። አሠልጣኛችን "የሰው ጊዜ አታባክኑ፤ ጓንት ሳታደርጉም ሰው አትንኩ" ይለን ነበር። በተለይ ደግሞ በደንበኛ ፊት "ተሳስቻለሁ" እንዳንል፣ "እናጣራለን" እንድንል አጥብቆ ነገረን። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ሆሳዕና ስመለስ የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ነበር። ሁለቱ ወር ያለ አንድ ትዕዛዝ አለቀ። አለቃዬ ደውሎ በሦስተኛውም ካልሸጥኩ እንደምንለያይ ቁርጡን ነገረኝ። ሀቢቾ በእኔ ቦታ ሌላ አስተማሪ ተቀጥሯል። ከሁለት ያጣ ጎመን ልሆን ምንም አልቀረኝም።

ዶዮገና ያለ አንድ ጤና ጣቢያ "መሣሪያህን አሳየን" ሲለኝ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ክራቫቴን አስሬ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄድኩ። የያዝኩት ጣት ላይ እየተሰካ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ነበር። ኃላፊው አቶ ተሰማ ሠራተኞቻቸውን ሰበሰቡልኝ። የሚለካ ፈቃደኛ ስጠይቅ ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ሲስተር አስቴር የምትባል ነርስ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ለወገባቸው መድኃኒት ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ አንድ እናት ይዛ ገባች። እማማ ባዩሽ ይባላሉ። ሴት ልጃቸውም ተከትላ ገባች።

እማማ ባዩሽ ሰላም ሊሉኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ። እኔ ግን ጓንቴን አጥልቄያለሁ። "ይቀመጡ እናቴ" አልኩና በጓንቴ ጣታቸውን ይዤ መሣሪያውን ሰካሁ።

ሰባ አራት አለ። የጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት አይወርድም። ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር። ጣት ብቀይር ሰባ አንድ አለ።

"አስተኟቸው! ኦክስጅን አምጡ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሐኪም መስዬ።

"ኧረ ደህና ነኝ" አሉ እማማ ባዩሽ እየሳቁ። ማን ይስማቸው! ሁሉም ዓይኑ መሣሪያው ላይ ነው። አልጋ ላይ አወጧቸው። ልጃቸው ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች፤ ኮሪደር ላይ የነበሩትም ተቀበሏት። ጸሎቱ እየበረታ ሲሄድ የእናትየው ሳቅ ጠፋ። በከምባትኛ አንድ ነገር አሉ። ሀዲያ ብሆንም ልጆቻቸው ይጠሩልኝ ማለታቸው ገባኝ።

ይሄኔ ሲስተር አስቴር ሁለቱን እጃቸውን ያዘች።

"እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"እንሰት ስፍቅ አርፍጄ ነዋ። ሐኪም ጋ በቆሻሻ እጅ አይቀረብም ብዬ ምንጩ ላይ ታጥቤ መጣሁ።"

የዶዮገና ምንጭ በጥቅምት ጠዋት ምን እንደሚመስል የነካው ያውቀዋል። አስቴር እጃቸውን በመዳፎቿ መሀል አድርጋ ታሸው ጀመር። ሙቅ ውሃም አስመጣች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብንሰካው ዘጠና ሰባት አለ።

"ወንድሜ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ሰላም ብለሃቸው ቢሆን ኖሮ እኮ ታውቀው ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብርድ ሲመታን ደም ከጣት እንደሚሸሽ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ!

"ታዲያ የተበላሸው መሣሪያው ነው?" አሉ አቶ ተሰማ።

"እናጣራለን" የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን እማማ ባዩሽ አልጋው ላይ ሆነው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እንዲህ ብዬ ብወጣ እኚህ ሴት በሽተኛ ነኝ ብለው ሲጨነቁ ሊከርሙ ነው።

"መሣሪያው ደህና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "እሳቸው ጤነኛ ናቸው።"

አስቴር በከምባትኛ ደገመችላቸው። እማማ ባዩሽ ተነሥተው መጡና "በል አሁን ሰላም በለኝ" አሉ። ጓንቴን አውልቄ በድንጋጤ የቀዘቀዘ እጄን ሰጠኋቸው። ይዘውት ትንሽ ቆዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ይሄስ ከእኔ ብሷል! ለእሱ ጸልዩለት!"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አቶ ተሰማ ሲሸኙኝ "ከአንተ በፊት የመጣው ሻጭ መሣሪያዬ አይሳሳትም፣ እኔም አልሳሳትም ብሎን ነበር" አሉኝ። "ዕቃው ዛሬ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል።" በሳምንቱ የመጀመሪያ ትዕዛዜን ላኩልኝ። ሥራዬም ተረፈ።

ይህን ታሪክ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለባለቤቴ እንኳ። አምና ዶዮገና ስሄድ እማማ ባዩሽ ማረፋቸውን ሰማሁና ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሴት ልጃቸው አየችኝ። ዓይኗ አብጧል። እጄን ይዛ ለለቀስተኛው "እናታችንን በጤናቸው አልጋ ላይ ያስወጣው ልጅ ይኸውና!" አለች።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ሳቀ። ለካ እማማ ባዩሽ ታሪኩን በየሠርጉ፣ በየገበያው ሲያወሩት ኖረዋል። ማንም ስሜን አያውቅም፤ ታሪኬን የማያውቅ ግን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ሰጡኝ። እዚያ ተቀምጬ፣ ከሁሉም ጋር እየሳቅኩ፣ አለቀስኩላቸው።