ትልቁ ቀስ ያለ ሲመስል

ወንድሜን የወታደር ካሚዮን የገጨው ጠዋት ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ፣ ወደ ሥራ ሲሻገር። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተባለ። እኩለ ቀን ላይ ግን የነፍስ አባታችን ፍትሐት እንደማያደርጉለት ሰማን።

አደጋውን ያየው ጎረቤታችን ነበር። “ካሚዮኑ ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ ልጁ እያየው ገባበት” ብሎ ነገራቸው። እያየ የገባ ራሱን እንዳጠፋ ይቆጠራል፤ ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም። ወታደር በሚገዛበት በዚያ ዘመን የወታደር መኪና ፈጥኖ ነበር ማለት ያስፈራል። ጎረቤታችን ግን ፈርቶ አልዋሸም። እንደዚያ ነው የታየው።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገብቼ አባና ጎረቤታችን ፊት ቆምኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም።

“አባ፣ ወንድሜን ዓይኑ ነው የሸወደው። ጋሼንም እንደዚያው። ትልቅ ነገር ሲመጣ... ቀስ ያለ ይመስላል።”

“ማን ነው እንዲህ ያለህ?”

“እሱ።”

ወንድሜ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጭነት አውራጅ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤታችን ጀርባ ሜዳው ላይ ቁጭ ብለን አውሮፕላኖቹ ሲያርፉ እናያለን። “የቱ ይፈጥናል?” ይለኛል። ትንሿ፣ እላለሁ። ከአንዱ የአጥር ቋሚ እስከ ሌላው እስኪያልፉ ያስቆጥረኛል። ሁልጊዜ ትልቁ በጥቂት ቁጥር ያልፋል፤ ፈጣኑ እሱ ነው። እሱ ይስቃል፤ እኔ እናደዳለሁ።

“ያን ያህል ካወቀ ታዲያ ምን አስገባው?” አለ ጎረቤታችን።

“ማወቅ ዓይንን አይለውጥም፣ ጋሼ” አልኩ። “ስንት ጊዜ ቆጥሬ አሁንም ቀስ ያለ ይመስለኛል። ሜዳው ድረስ መጥታችሁ እዩ። ሳታዩ ወንድሜ አይቀበርም።”

“አባ ፊት! ዝም በል!” አለች እናቴ። ዝም አላልኩም።

ሁለቱም መጡ። አባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን አወጡ። ሰማዩ ባዶ ነበር፤ ስምንት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወረደች።

“ይቺማ በረረች!” አለ ጎረቤታችን።

አባ ከቋሚ እስከ ቋሚ ስምንት ፍሬ ቆጠሩ። ከዚያ ትልቁ መጣ።

“ይኸው፣ እንደ ኤሊ!” አለ እንደገና።

አምስት ፍሬ። የአባ ጣት አምስተኛው ላይ ቀረ።

“አንተ ምን አየህ?” ሲሉ ጎረቤታችንን ጠየቁት።

“ትልቁ... ቀስ ሲል፣ አባ።”

“እኔም” አሉና ተነሡ። “ካህናቱን ጥሩልኝ።”

ፍትሐቱ ተደረገ። ሳጥኑን ይዘን ያንኑ መንገድ ልንሻገር ስንል ከሩቅ ሌላ ካሚዮን መጣ። ቀስ ያለ መሰለኝ። አላመንኩትም። ሰዉን አስቁሜ መንገዱ መሃል ገባሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ወታደሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ሰደበኝ፣ ቆመ።

ወንድሜ ተሻግሮ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነቃነቅኩም።