ለእናቴ «አልሰማሁሽም» ለማለት እስከ ወልድያ

ሐሙስ ጠዋት ከአክስቴ ዘሀራ ጋር ከውርጌሳ ተነስተን ወልድያ ሄድን። የሄድነው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ አንደኛው ጆሮዬን ለማስመርመር፣ ሁለተኛው ለእናቴ እውነቱን ለመንገር። እናቴ ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። ውሏ እያለቀ ስለሆነ ሁለት ዓመት ትጨምር ወይም ትመለስ እንደሆነ ለአሠሪዋ እስከ ቅዳሜ መልስ መስጠት አለባት። እሷ ደግሞ ልትጨምር ነው፤ ምክንያቱም እኔ፣ የገዛ ልጇ፣ ግድ የለኝም ብላ አስባለች።

ይህን ጉድ ያመጣሁት እኔው ስለሆንኩ እኔው ልንገራችሁ።

ከትንሽነቴ ጀምሮ ጆሮዬ መግል ይይዝ ነበር። እናቴ ከሄደች በኋላ ባሰበት፤ መስማቴም ቀነሰ። ፊት ለፊቴ ካለ ሰው ጋር ብዙም አልቸገርም፤ ከንፈሩን አያለሁ፣ ዓይኑን አያለሁ፣ የጎደለውን ራሴ እሞላለሁ። ስልክ ግን ፊት የለውም! ቪዲዮም ሞክረን ነበር፤ ኔትወርኩ ሲጎተት የእናቴ ከንፈር ከቃሉ በኋላ እየደረሰ ጭራሽ አምታታኝ። እንዳልጽፍላት ፊደል አልቆጠረችም። እሷ አታነብ፣ እኔ አልሰማ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ተራው ግን አይለወጥም። እናቴ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ደህና ነሽ? ጤናሽ? አክስትሽ? ልጆቹ? ላሟ? ዝናቡ? ትምህርቱ? ስልኩ ውስጥ ጉርጉር የሚለው ነገር ባቆመ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ሰባት ጊዜ። ከዚያ ዱዓ ታደርግልኛለች፤ እሱ ረዘም ስለሚል አውቀዋለሁ። «አሚን» እላለሁ፣ አለቀ። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃብኝም። እንዲያውም፣ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረችኝ።

ባለፈው ዓርብ ግን እናቴ ከላሟ በኋላ ዝናቡን ዘለለችውና «ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። እኔ በተራው መሠረት «አልሐምዱሊላህ!» አልኳት። ያውም በደስታ፤ ሌሊቱን ጥሩ ዘንቦ ነበርና።

እሑድ አክስቴ ከእናቴ ጋር ተነጋግራ ስትጨርስ ወደኔ የመጣችው ፊቷን አጥቁራ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ምን በደለችሽ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ሁለት ዓመት ልቆይ ነው ስትልሽ አልሐምዱሊላህ ትያታለሽ? ስታለቅስ ነው የነበረችው። ልጄ ብመጣም ብቀርም ግድ የላትም፣ እንግዲያው ልሥራ፣ አለች።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር ዘረገፍኩት። አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ልትደውልላት ስልኳን መዥረጥ አደረገች። እጇን ያዝኳት።

«እኔ ነኝ የምነግራት። ግን ይድናል ወይ ማለቷ አይቀርም። መልሱን ሳልይዝ አልነግራትም።»

ወልድያ የሄድነው እንግዲህ ለዚህ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ውርጌሳ

ከደሴ በኩል የመጣ ሚኒባስ እስከ መርሳ አሳፈረን። አክስቴ መስኮቱን ለኔ ለቀቀችልኝ፤ ለበሽተኛ የሚደረግ ክብር መሆኑ ነው። የመስከረም ማሽላ ከሰው ቁመት አልፎ መንገዱን በሁለት በኩል አጥሮታል። ተራራው ላይ ጉም ተኝቷል። አክስቴ ሲጨንቃት ወሬ አታቆምም፤ ፊቴን ወደ ማሽላው ካዞርኩ ደግሞ የምትለውን አልሰማም። አዞርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጆሮ አለመስማት አንዳንዴ ጥቅም አለው።

ሁለት ሰዓት፣ መርሳ

መርሳ ወርደን ፓስቲ በሻይ በላን። ፓስቲው ገና ከዘይቱ መውጣቱ ስለነበር ጣቴን ለበለበኝ፤ ሁለት ደገምኩ። መንገድ ዳር ሴቶች ፓፓያውን እየቆለሉ ነበር። ፓፓያው ከመርሳ ሌላ ቦታ እንደዚህ ቢጫ የሚሆን አይመስለኝም።

የወልድያው ሚኒባስ ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ሽማግሌ ማዳበሪያ ሙሉ ፓፓያ ተሸክመው ገቡና አጠገቤ ተጣበቁ። አያ ሞላ ይባላሉ፤ ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ ናቸው። ስማቸውን ያወቅኩት ገና ሳይቀመጡ ለመኪናው ሁሉ ስለነገሩ ነው። ድምፃቸው እንደ ነጋሪት ነው። በጣም ተመቹኝ፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም!

ሲሪንቃን ስናልፍ

ጎኔን አንድ ነገር ነዘረኝ። የአያ ሞላ ስልክ ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ ይጮሃል፣ እሳቸው አልሰሙም። ከኋላ «ስልክዎ! ስልክዎ!» ይሏቸዋል። ክንዳቸውን ነካ አደረግኩና ኪሳቸውን አሳየኋቸው።

«ሃሎ! ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ስማኝ!» አሉ። «ጆሮዬ ደክሟል። አንድ አንዱን በል!... ነገ? ነገ ነው ያልከው?... እሺ፣ ነገ። ስንት ሰው?... ሦስት? ሦስት ሰው። እንግዲህ በል፣ ነገ፣ ሦስት ሰው። ደህና ዋል!»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። አያ ሞላ ዞር ብለው «ሳቁ፣ ሳቁ! ዕድሜ ከሰጣችሁ ትደርሱበታላችሁ» አሉ። ራሳቸውም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። አፌን ከፍቼ አያቸው ነበር። አንድ ሰው በመኪና ሙሉ ሕዝብ ፊት «ጆሮዬ ደክሟል» ብሎ ሲጮህ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«አያ፣ አያፍሩም?» አልኳቸው።

«ኧ?»

«አያፍሩም ወይ?» ጮህኩ።

«ማፈርማ አፍሬ ነበር፣ ልጄ። ሳልሰማ እሺ፣ እሺ እል ነበር። አንድ ቀን የወንድሜ ልጅ ደውሎ በሬው ገደል ገባ ሲለኝ፣ እኔ ሆዬ እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ!» ግንባራቸውን በእጃቸው መቱ። «ዓመት አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲያ ሀፍረቴን በሬው ወዳለበት ወረወርኩት።»

አክስቴ ሻሽዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች። እኔን ደግሞ ገረመኝ፤ ለካ ብቻዬን አይደለሁም።

አራት ሰዓት፣ ወልድያ

አያ ሞላ ሲወርዱ አንድ ፓፓያ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። አክስቴ አይሆንም ብላ ታገለች፤ እሳቸው ያልሰሙ መስለው ሄዱ። ይህንንም ከሳቸው ተማርኩ።

ወልድያ ለጆሮዬ ከባድ ከተማ ናት። ባጃጁ፣ የሚጫነው መኪና፣ ሻጩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቦክቶ ይመጣብኛል። በባጃጅ የጆሮ ሕክምና ወዳለበት ክሊኒክ ሄድን። ወረፋ ጠብቀን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። የመረመረችኝ ወጣት ሲስተር ናት፤ ስታወራ ፊቷን ከኔ አታዞርም፤ ወዲያው ወደድኳት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጋ «ድምፅ በሰማሽ ቁጥር እጅሽን አንሺ» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ እጄን ሳላነሳ ቆየሁ። ቀጥሎ በሌላው በኩል አንድ ቀጭን ነገር መጣ፣ አነሳሁ። እንደገና መጣ፣ አነሳሁ። አክስቴ በእያንዳንዱ ላይ «ማሻአላህ» ትላለች፤ ከአፏ አነበብኩት።

ሲስተር ወረቀቷን አየችና «ስልክ በየትኛው ጆሮሽ ነው የምታወሪው?» አለችኝ።

«በቀኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«አዎ።»

«በግራ ሞክረሽ አታውቂም?»

አክስቴን አየኋት። «በግራ ነውር አይደል?»

«ምኑ ነው ነውሩ?»

አክስቴ ጣልቃ ገባች። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት! በግራ አትብዪ፣ በግራ አትቀበዪ፣ ሰው በግራ ሰላም አትበዪ አልኳት። እናትሽን ስታናግሪ ደግሞ በቀኝሽ ያዢ፣ ክብር ነው አልኳት!»

ሲስተር ሳቋን ዋጠች። «ስልክ እንጀራ አይደለም፣ እህቴ። ቀኝ ጆሮዋ የሚሰማው ትንሽ ጉርጉርታ ብቻ ነው። ግራው ግን ግማሽ ያህል አለው።»

አራት ዓመት ሙሉ እናቴን በክብር፣ በማይሰማው ጆሮዬ፣ ስሰማት ኖሬያለሁ!

ቀኙ እንደማይመለስ ሳትደባብቅ ነገረችኝ። ለግራው ደሴ ሄጄ የመስሚያ መሣሪያ ማስለካት እችላለሁ፤ ወረቀት ጻፈችልኝ። እስከዚያው ደግሞ ጸጥ ያለ ቦታ መፈለግ፣ አለመስማቴን ከሰላምታው በፊት መናገር፣ የሰማሁትን መልሼ ማለት እንዳለብኝ መከረችኝ። «የቀረሽ አንድ ቃል ከሆነ ያንን ቃል ብቻ ጠይቂ፤ ሁሉንም ድገሚ ካልሻት ሁሉም ይጠፋብሻል» አለች። አያ ሞላ ይህን ሁሉ ክሊኒክ ሳይገቡ ያውቁታል ማለት ነው።

ዛሬ እናቴን እንደማናግር ስነግራት ሰዓቷን አየች። «የምሳ ሰዓት ነው፤ ይህ ክፍል ድምፅ አያስገባም፤ እዚሁ ደውዪ። እርስዎ ግን» አለች ወደ አክስቴ ዞራ፣ «ስልኩን እንዳይነኩ።»

ሰባት ሰዓት፣ ጸጥ ባለችው ክፍል

ሚስኮል አደረግንላት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። በግራ እጄ አነሳሁት፤ እጄ ራሱ ሌባ ሌባ መሰለኝ። ግራ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«ሀያት?»

ስሜን ሰማሁት! የእናቴ ድምፅ ቀጭን ነው! አራት ዓመት በስልክ ወፍራም ጉርጉርታ ሆና ነበር፤ እንዲህ ቀጭን እንደነበረች ረስቼዋለሁ። ደህና ነሽ ልትለኝ ስትጀምር አቋረጥኳት።

«እማ፣ ቆይ። ሰላምታው ይቆየን። ጆሮዬ አይሰማም። ያን ቀን የጠየቅሽኝን አልሰማሁም። ስለ ዝናብ መስሎኝ ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሴኮንዱ ይቆጥራል። መልሼ ስይዘው አንድ ላይ የተጣበቀ ብዙ ነገር መጣ። ማልቀስ ነው።

«እማ፣ አልሰማሁሽም። እያለቀስሽ ስታወሪ አይገባኝም። መጀመሪያ አልቅሺና ስትጨርሺ አውሪ።»

አክስቴ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ወዲያ ማዶ ደግሞ እናቴ ሳቀች፤ ሳቅን በስልክ መለየት እንደምችል አላውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች፤ ቀስ ብላ።

«ለምን አልነገርኩሽም ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ሥራውን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነዋ። ያስጀመርሽው ቤት ሳያልቅ።»

«ይድናል?»

«ቀኙ አይድንም። ግራው ግማሽ አለው። አሁን በሱ ነው የምሰማሽ።»

ከዚያ አንድ አንዱን ቃል እንደ እንቁላል እያስቀመጠች ጠየቀችኝ። «ልቆይ... ወይስ... ልምጣ?»

«ልቆይ ወይስ ልምጣ ነው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጭንቀቴ መስማቱ ብቻ ነበር፤ ከሰማሁ በኋላ መልስ እንደሚያስፈልግ አላሰብኩበትም። ቤቱ ቆርቆሮ ይቀረዋል። የአክስቴን ልጆች ከፍላ የምታስተምረውም እናቴ ናት። «እንደሚመችሽ» ማለት እችል ነበር፤ እሱም ሌላ ዓይነት አልሐምዱሊላህ ነው። አክስቴን አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ነይ» አልኳት።

«ምን?»

ብታምኑም ባታምኑም፣ አሁን ደግሞ ያልሰማችው እሷ ሆነች!

«ነይ! ነይ አልኩሽ! ናፍቀሽኛል፣ ነይ!»

ያ ድምፅ የማያስገባ ክፍል ድምፅ ማስወጣቱን አይከለክልም መሰለኝ፤ ሲስተር በሩን ከፍታ ብቅ አለች። እናቴ «እመጣለሁ» አለች። «ትመጫለሽ?» አልኳት፤ ሰምቼዋለሁ፣ ግን የሰማሽውን መልሰሽ በዪ ተብያለሁ። «እመጣለሁ።» «ትመጫለሽ?» ደግሜ ጠየቅኳት፤ ሁለተኛውን እንኳ ለደስታዬ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ውርጌሳ

ስንመለስ አክስቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች። ፓፓያውን ቤት አድርሰን ከልጆቹ ጋር በላነው። ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ አለመስማቴን ስደብቅ የኖርኩት ለእናቴ አዝኜ ነው እያልኩ፣ እውነቱን ግን ለሀፍረቴ እያዘንኩ እንደነበር ነው። እናቴን ያሳዘናት ጆሮዬ አይደለም፤ የኔ ግድ የለሽ «አልሐምዱሊላህ» ነው።

ዓርብ እንደልማዷ ደወለች። ለማዳም እንደማትጨምር ነግራታለች፤ ከሁለት ወር በኋላ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ። ከዚያ ነብር የተሣለባቸው ሦስት ትልልቅ ብርድ ልብሶች ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ውርጌሳ ቆላ ነው፣ ምን ይሠራልናል አልኳት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ አለችኝ። ነብሩ ያስፈራል አልኳት። ምኑ? አለች። ነብሩ! አልኳት። ድገሚልኝ፣ አልሰማሁሽም፣ ነብር ነው ያልሽው፣ አዎ ነብር፣ እየተባባልን ሩብ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ተናዳ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።

አራት ዓመት በስልክ ተጣልተን አናውቅም ነበር። ግቢ ውስጥ እየዘለልኩ ለአክስቴ «ተጣላን! ተጣላን!» አልኳት።

ወዲያው መልሳ ደወለች። ነብሩ ቀርቶ አበባ በተሣለበት ብርድ ልብስ ተስማማን።