እምዬ ያወጣችውን ቃል የመለሰችበት ቀን

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው አንገቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ነበር። አያቴ እመት አትጠገብ፣ እኛ የልጅ ልጆቿ «እምዬ» የምንላት፣ በተረቷ ውስጥ ነብሩ ፍየል ሲያንቅ ከመካከላችን የአንዳችንን ጉሮሮ ድንገት አፈፍ ታደርግ ስለነበር ነው። ሲመሻሽ፣ ከብልባላ ገበያ ወዲህ ባለችው የድንጋይ ቤታችን፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ፣ የኩራዙ ጢስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ አምስት ልጆች ዙሪያዋን እንኮለኮልና ትጀምራለች። የእሷ ተረት የሚያስቅ አልነበረም። ነብር የገበሬውን ፍየል ይበላል፤ ገበሬው የነብሩን ግልገሎች ድንጋይ ላይ ይፈጠፍጣል፤ ነብሩ የገበሬውን ልጅ ከመደቡ ጎትቶ ይወስዳል፤ ገበሬው ዋሻውን በእሳት ያጋያል። በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን የሚተርፍ አይኖርም። «ኋላስ እምዬ?» ስንላት፣ «ኋላማ አሞራ ጠገበ» ትልና ኩራዙን እፍ ብላ ታጠፋዋለች። ያኔ በፍርሃት ተቃቅፈን ብንተኛም፣ በማግስቱ ድገሚልን ብለን የምንለምናት ያንኑ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ደሙ ከተረት ወጥቶ ቤታችን ገባ። የመሬት ሽግሽግ በተደረገበት ዓመት የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ሲሳይ፣ ጌጡ ከሚባለው ጎረቤታችን ጋር በአንዲት የገብስ እርከን ተጣላ። እርከኗ በሬ እንኳ በቅጡ የማታዞር ነበረች። ጌጡ በመጥረቢያ አንገቱ ላይ መታው። አጎቴን በቃሬዛ ሲያመጡት ከደጃፉ እስከ ምሰሶው በተንጠባጠበው ደም ላይ፣ እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ አመድ ስትነሰንስ አስታውሳለሁ።

በቀብሩ ቀን እምዬ ፊቷን በጥፍሯ ቧጥጣ ከለቀስተኛው መሐል ቆመች። አባቴን ዓይን ዓይኑን እያየች እንዲህ ብላ ሙሾ አወረደች፦

«ወንድ ልጅ ወልጄ ምንሽር ገዝቼ፣
ደሜ ሜዳ ቀረ ዝም ብዬ ተኝቼ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ደሙን እስክመልስ ብሎ ፀጉሩን መላጨት ተወ። ጌጡ ተፈርዶበት ወህኒ ሲወርድም፣ «መውጣቱ አይቀርም» እያለ ምንሽር ጠመንጃውን በየሳምንቱ እሁድ ይወለውል ነበር። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ለእርቅ ደጃችን ቢቆሙም ሦስቱንም ጊዜ መለሳቸው። እምዬም ከዚያ ወዲህ ተረት አልነገረችንም።

አራት ዓመት አለፈና ጌጡ በምሕረት ተፈታ። በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ እኔና እምዬ ወደ ብልባላ እንወርድ ነበር። ያን ሰሞን እጅግ ከስታለች፤ ግራ እጇንም ወደ ላይ ማንሳት አቅቷታል። ምን ሆንሽ ስትባል፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» ትል ነበር። ከፊታችን አንድ ሰው ሁለት ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ ይሄዳል። በአረማመዱ ጌጡ መሆኑን ለየነው። እምዬ ክንዴን ጨብጣ ቆመች። ወዲያው ከመንገድ ዳሩ ቁልቋል ጀርባ አባቴ ምንሽሩን አቀባብሎ ብቅ አለ።

«ጌጡ! ዙር!» አለ። ከጀርባ መግደል በእኛ አገር ነውር ነው።

ጌጡ ዞረ። አልሮጠም። ዶሮዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ልጆቼን አትንካብኝ» አለ።

እምዬ መሮጥ እንደምትችል ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ነጠላዋ ተገፎ መንገድ ላይ ቀረ። አፈሙዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ራሷ ሆድ ሳበችው።

«ልቀቂኝ እማዬ!»

«አልለቅም! በእኔ ጀምር!»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያለቀስሽብኝ? ተኝተሃል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ! ቃሉን ያወጣሁትም እኔ ነኝ፣ እምመልሰውም እኔ ነኝ!»

አባቴ እንደ እብድ ጮኸና በሰደፉ ደረቷን ገፍቶ አላቀቃት። በዚያው ቅጽበት ምንሽሩ ተተኮሰ። ጥይቱ ድንጋይ ጨርፎ ፉጨቱ ከመንገዱ ሥር ባለው ገደል አስተጋባ። እምዬ በጀርባዋ ወደቀች። የቀሚሷ ደረት ቀላ፤ ደሙ እየሰፋ እስከ መቀነቷ ወረደ።

«እናቴን ገደልኳት!» አለ አባቴ። ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር። ተንበርክኮ ምንሽሩን ዳግም አቀባበለና አፈሙዙን ወደ ራሱ አገጭ አዞረ። ያን ጊዜ ጌጡ ተወርውሮ ደረሰበትና ተናነቁ። አፈር ላይ ተንከባለሉ፤ አባቴ ክንዱን ነከሰው፤ ጌጡ በጡጫ አፉን አለው። በመጨረሻ ምንሽሩ ጌጡ እጅ ገባ። ምንሽሩ ጥይት እንደጎረሰ፣ ጠላቱ እግሩ ሥር እንደወደቀ፣ ለአፍታ ቆሞ አየው። ከዚያ ምንሽሩን ወደ ገደሉ ወረወረው።

እኔ የእምዬን ቀሚስ ቀድጄ ከፈትኩት። የጥይት ቀዳዳ አልነበረም። ግራ ጡቷ ያለበት ቦታ በቅቤ የተነከረ ጥጥ ተጠቅጥቋል፤ ጥጡን ሳነሳው ሥጋው ተበልቶ ጠቁሯል፤ ሰደፉ ካረፈበት ደም ይፈልቃል። ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

«ጥይት አይደለም» አለች እምዬ ዓይኗን ገልጣ። «የቆየ ነው። ሸፍኚኝ።»

ሁለቱ ሰዎች ቆመው አዩ። ከዚያ ጌጡ የባሕር ዛፍ እንጨት ቆርጦ በጋቢው ቃሬዛ ሠራ። አባቴ አፉ እየደማ የፊቱን ጫፍ ያዘ፤ ጌጡ የኋላውን። እስከ ላሊበላ ተሸከሟት። እኔ ከጎናቸው እየሮጥኩ እጇን ይዤ ነበር።

በማግስቱ በአውቶቡስ፣ በጋሸና በኩል ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ አባቴን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «ካንሰር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ብታመጧት ቆርጠን እናወጣው ነበር። አሁን ተሰራጭቷል» አለው። ይዘናት ተመለስን።

አሟሟቷ ጸጥ ያለ አልነበረም። ሕመሙ ሲነሳባት የአልጋዋን ጠፍር ትነክሳለች፤ ፈጣሪንም ሰውንም ትሳደባለች፤ ልትይዛት የቀረበችውን እናቴን በጥፊ ትመታለች። ሕመሙ ፋታ ሲሰጣት ደግሞ እኛን ልጆቹን ትጠራና ከአጎቴ ቀብር ወዲህ የተወችውን ተረት ትቀጥላለች፤ ድምጿ በጩኸት ስለተዘጋ ጆሯችንን ከከንፈሯ አስጠግተን ነበር የምንሰማት። አንድ ቀን ለምን እንደደበቀችን ጠየቅኳት። «የልጄ ደም ሜዳ ላይ እያለ፣ ስለ እኔ ገላ ማን ይጨነቅ?» አለችኝ።

ከመሞቷ በፊት ሽማግሌዎቹን ራሷ አስጠርታ አባቴንና ጌጡን ደም እንዳይፈላለጉ አልጋዋ አጠገብ አስማለች። አባቴ ማለ፤ እያለቀሰ ሳይሆን ጥርሱን ነክሶ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ጌጡን ወንድሜ ብሎት አያውቅም፤ በአንድ ማዕድም ተቀምጠው አላየሁም። ግን አልገደለውም።

የአገሬው ሰው እመት አትጠገብ በምክሯ ደም አደረቀች ይላል። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። አባቴን ያስቆመው ምክር አልነበረም፤ በእጁ እናቱን የገደለ መስሎት ያየው ያ ደም ነው። በጊዜ ብትነግረን ኖሮ ትድን ነበር፤ ብትድን ኖሮ ግን በዚያ የገበያ ቀን ደረቷ አይደማም ነበር፤ ያኔ ጌጡ ይሞት፣ አባቴ ወህኒ ይወርድ፣ የጌጡ ልጆችም አድገው ወንድሞቼን ለበቀል ይፈልጉ ነበር። ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ፤ ወንድሞቼም በሕይወት አሉ። ያም ሆኖ እምዬ ስትናፍቀኝ፣ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም ብዬ እቆጣታለሁ። ቁጣዬ ሲበርድ ደግሞ፣ ብትነግረን ይሻል ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም።